ለራጁ የምንጽፈው መድኃኒት፦ በትርፍ አጥንት ሕክምናችን ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል መጡ። በአንድ እጃቸው የጉልበትና የተረከዝ ራጅ፣ በሌላው ባዶና ግማሽ የሆኑ የመድኃኒት ማሸጊያዎች የሞሉበት ፌስታል ይዘው ነበር። በራጁ የንባብ ወረቀት ላይ «ኦስቲዮፋይት» የሚለው ቃል በብዕር ተከቧል። ማሸጊያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ስደረድራቸው ዳይክሎፌናክ በክኒንም በመርፌም፣ አይቡፕሮፌን፣ ትራማዶልና የቫይታሚን ቢ ድብልቅ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ጋር ለደም ግፊታቸው ለዓመታት የሚወስዷቸው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ነበሩ። እናቲቱ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ የበቀለብኝ አጥንት መቼ ነው የሚሟሟው? ዓመት ሙሉ ዋጥኩ፤ ዓመት ሙሉ ተወጋሁ።»

ያዘዝኩት የኩላሊት ምርመራ ውጤት በማግስቱ ሲደርሰኝ የክሬአቲኒን መጠኑ ቀድሞ ከነበረው እጥፍ ለመሆን ተቃርቦ ነበር። ጥፋቱን በሌላ ባለሙያ ላይ ለመጣል ግን አልቻልኩም። ከፌስታሉ ውስጥ ከወጡት የማዘዣ ወረቀቶች መካከል አንዱ የእኔን ፊርማ የያዘ ነበር።

ስለዚህ ይህ ሂስ የሚነጣጠረው በአንድ ተቋም ወይም በአንድ ግለሰብ ላይ ሳይሆን በጋራ በያዝነው ልማድ ላይ ነው፤ ጸሐፊውም ከተከሳሾቹ አንዱ ነው። ልማዱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ታማሚው ጉልበቱን፣ ተረከዙን፣ አንገቱን ወይም ወገቡን አመመኝ ብሎ ሲመጣ ራጅ እናዛለን። በራጁ ላይ ትርፍ አጥንት እናያለን። ሕመሙን በሙሉ ለዚህ አጥንት እንሰጠዋለን። በመጨረሻም አጥንቱን ከቶ የማይነካ መድኃኒት ማብቂያው ሳይነገር እንጽፋለን። በዚህ መንገድ የሚታከመው ራጁ ነው፤ የመድኃኒቱን ጉዳት የሚሸከመው ግን ሰውየው ነው።

የትርፍ አጥንት ምንነት

ኦስቲዮፋይት የአጥንት ሽፋንና የመገጣጠሚያው ልም አጥንት በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ካሉ ሴሎች የሚነሣ እድገት ነው። መገጣጠሚያው ሲጎዳና ሸክሙ ሲዛባ ቲጂኤፍ-ቤታን የመሳሰሉ እድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች እነዚህን ሴሎች ወደ ልም አጥንት ሠሪነት ይለውጧቸዋል። የተሠራውም ልም አጥንት ውሎ አድሮ ይጠጥርና የደም ሥርና መቅኔ ያለው ሕያው አጥንት ይሆናል። እንግዲህ ታማሚዎቻችን እንደሚገምቱት በቦታው የተጠራቀመ ጨው ወይም ወተት በማብዛት የመጣ የካልሲየም ዝቃጭ አይደለም። በዚህ ፍርሃት ወተት ያቆሙ አረጋውያንን ስናገኝ ስሕተቱን ማረም የእኛ ግዴታ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግልጽ ነው። ትርፍ አጥንትን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። ይገኛል ቢባል እንኳ ያንን ጫፍ መርጦ አሟሙቶ ጎን ለጎን ያለውን ጤነኛ አጥንት የሚምርበት መንገድ አይታየንም። ኢንዶሜታሲን ከዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ቦታው የሚበቅልን አጥንት ለመከላከል እንደሚሰጥ በመጥቀስ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። ያ ግን ገና ያልተሠራውን ለጥቂት ቀናት መከላከል ነው፤ ለዓመታት ጠጥሮ የቆየውን ማጥፋት አይደለም።

በተጨማሪም ይህ እድገት በከፊል የሰውነት መልስ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የመገጣጠሚያውን ጠርዝ በማስፋት የላላውን ጉልበት ይደግፋል። በጉልበት ላይ የጠርዝ አጥንቶች ተቆርጠው በወጡ ጊዜ መገጣጠሚያው ወደ ጎን የሚያደርገው እንቅስቃሴ እንደሚጨምር ተለክቷል። እንደ ጠላት የምናሳየው አጥንት አንዳንድ ጊዜ ምርኩዝ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ምልክት እንዴት የበሽታው ስም ለመሆን በቃ? አንዱ ምክንያት መለኪያችን ነው። ኬልግረንና ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት የራጅ ደረጃ አሰጣጥ መሠረት የኦስቲዮአርትራይተስ ሁለተኛ ደረጃ የሚታወቀው በግልጽ በሚታይ ኦስቲዮፋይት ነው። መለኪያው ራጆችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ጠቅሟል። ይሁንና ታማሚው ምን ያህል እንደሚሰቃይ ወይም የትኛው መድኃኒት እንደሚበጀው የሚናገርበት አንደበት የለውም፤ ለዚያም አልተዘጋጀም።

ሥዕሉና ሕመሙ

በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለችው ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነና በጉልበታቸው ራጅ ላይ ኦስቲዮአርትራይተስ ያልታየባቸው 710 ሰዎች በኤምአርአይ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ 74 በመቶው ኦስቲዮፋይት ተገኝቶባቸዋል። ይበልጥ የሚያስተምረው ሌላው ውጤት ነው። ቢያንስ አንድ ዓይነት የመገጣጠሚያ ለውጥ ከሚያማቸው ሰዎች ከ90 እስከ 97 በመቶ በሚሆኑት ሲታይ፣ ምንም ከማያማቸው ደግሞ ከ86 እስከ 88 በመቶ በሚሆኑት ታይቷል። የሚያመውንና የማያመውን ጉልበት በሥዕል ብቻ እንለይ ብንል በአብዛኛው እንሳሳታለን ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ራጅ ዋጋ የለውም ማለት ሌላ ስሕተት ነው። የመገጣጠሚያው ክፍተት በእጅጉ የጠበበበትና ትላልቅ ትርፍ አጥንቶች የታዩበት ጉልበት ከሌላው ይልቅ የማመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የሂሱ ነጥብ በጠርዝ ላይ የታየች ትንሽ ጫፍ የሕመሙን ምንጭ ታስረዳለች ብሎ መደምደም አይቻልም የሚል ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ዕድሜው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሲንቀሳቀስ የሚያመውና የጠዋት መገጣጠሚያ መድረቁ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ሰው ያለ ራጅ በኦስቲዮአርትራይተስ ሊመረመርና ሊታከም እንደሚገባ፣ ራጅም በመደበኛነት እንዳይታዘዝ መክሯል። ለራጅ ከኪሱ ለሚከፍለው ታማሚያችን ይህ ምክር እጥፍ ትርጉም አለው።

የተረከዙ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርዶ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲራመድ ተረከዙ እንደ ቢላ የሚወጋው ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚነሣው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ከተዘረጋው ወፍራም ጅማታዊ ሽፋን፣ ከፕላንታር ፋሺያ ነው። በራጅ የምናየው ሹል አጥንት ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው በዚህ ሽፋን ውስጥ ሳይሆን ከበላዩ ባለው ጣቶችን በሚያጥፍ ትንሽ ጡንቻ መነሻ ላይ ነው። ሹሉ ኖሯቸው የማያማቸው ብዙዎች ናቸው፤ የሚያማቸውና ሹል የሌላቸውም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ታማሚው ድኖ ሲመለስ ራጁን ደግመን ብናነሣው አጥንቱ እዚያው ነው። ሕመሙ ጠፍቶ አጥንቱ ከቀረ፣ ሕመሙ የማን እንደነበር መጠየቅ ይገባናል።

መድኃኒቶቻችን በሚዛን ሲታዩ

የፀረ-ብግነት ማስታገሻዎች ሕመምን ይቀንሳሉ፤ ይህ አይካድም። ለጥቂት ቀናት፣ ሕመሙ በበረታ ጊዜ፣ ኩላሊቱና ጨጓራው ለሚችል ሰው በዝቅተኛ መጠን ቢሰጡ ተገቢ ናቸው። ስሕተቱ «ትርፍ አጥንት አለብዎት» ከሚለው ቃል ጋር ሲጻፉ ነው። ታማሚው አጥንቱ እስኪጠፋ የሚወሰድ መድኃኒት እንደተሰጠው ይረዳል፤ አጥንቱ ስለማይጠፋም መድኃኒቱ አያቆምም። ማዘዣው ሲያልቅ ካርቶኑን ይዞ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል።

የሚደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። የጨጓራ ቁስለትና መድማት አለ። የደም ግፊት ይጨምራል፤ የግፊት መድኃኒቱም ይዳከማል። ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒትና የሽንት አብዢ ክኒን በሚወስድ ሰው ላይ ሦስተኛ ሆነው ሲጨመሩ የኩላሊት የማጣራት ኃይል በድንገት ሊወድቅ ይችላል። የእናቲቱ ኩላሊት የተጎዳው በዚሁ መንገድ ነበር። በልብ ላይ ያለውም ጉዳት ቀላል አይደለም። ሮፌኮክሲብ በልብ ድካም ሳይሆን በልብና በአንጎል የደም ሥር መዘጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 ከገበያ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሰፊ ትንተና ደግሞ በየቤቱ የሚገኘው ዳይክሎፌናክ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል።

ስለ መርፌው አንድ ነገር መባል አለበት። «መርፌው ጨጓራን አይነካም» የሚለው እምነት በታማሚው ብቻ ሳይሆን በእኛም መካከል አለ። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው በዋናነት በደም ተሰራጭቶ መከላከያ የሆኑትን ፕሮስታግላንዲኖች በመቀነስ ስለሆነ በመቀመጫ ቢገባም ጉዳቱ አይቀርም። የመድኃኒቱ መግለጫም መርፌው ከ2 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል። እኛ ግን ለአሥር ቀን እንወጋለን፤ በላዩም የመግልና የሳያቲክ ነርቭ ጉዳት አደጋ እንጨምርበታለን።

ከማስታገሻው ጋር ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን አብሮ መስጠት ከዚህ የከፋ ነው። ታማሚው በማግስቱ ተነሥቶ ስለሚሄድ ሐኪሙን ያመሰግናል። ሆኖም የሁለቱ ጥምረት የጨጓራ መድማትን ያባብሳል፤ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳና ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ትል በሚገኙበት አገር ደግሞ የተኛውን በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ ይሰጣል፤ ቦታውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 140 ታማሚዎች ለሁለት ዓመት በየ12 ሳምንቱ ትራይአምሲኖሎን ወይም የጨው ውኃ በጉልበታቸው ተወግተው የሕመሙ መጠን ልዩነት አላሳየም፤ የልም አጥንት መሳሳት ግን ስቴሮይድ በወሰዱት ላይ በዝቷል። በተረከዝም ተደጋጋሚ መርፌ ሽፋኑን ሊበጥስና የተረከዙን የስብ ትራስ ሊያሳሳ ይችላል።

ግሉኮሳሚን ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የሚላክ ውድ ስጦታ ሆኗል። 1583 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ለብቻውም ሆነ ከኮንድሮይቲን ጋር ሲሰጥ በጠቅላላው ታማሚ ላይ ከማስመሰያ ክኒን ጉልህ ብልጫ እንዳላሳየ ገልጿል። የቫይታሚን ቢ ድብልቅ ለትርፍ አጥንት የሚሠራው ሥራ የለም። ትራማዶል የሚያስከትለው መፍዘዝ አረጋውያንን ይጥላል፤ ልማድም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአንድ ዓመት ጥናት በጀርባ፣ በዳሌና በጉልበት ሕመም የሚሰቃዩ 240 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከኦፒዮይድ ወገን የሆኑት ማስታገሻዎች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳላመጡ አረጋግጧል።

ከመድኃኒቶች ሁሉ ቸል የምንለው የሚቀባው ዳይክሎፌናክ ነው። በጉልበትና በእጅ መገጣጠሚያ ላይ ሲቀባ ከሚዋጠው ጋር የሚቀራረብ እፎይታ ይሰጣል፤ ወደ ደም የሚገባው መጠንም እጅግ ያነሰ ነው። ለአረጋውያን ሲጻፍ በቅድሚያ መታሰብ የሚገባው እርሱ ነው።

ቢላዋው የሚገባበት ቦታ

«እንግዲያው ተቆርጦ ይውጣ» የሚለው ሐሳብ ለታማሚውም ለሐኪሙም ቀጥተኛ ይመስላል። ታሪኩ ግን ትሕትናን ያስተምራል። ቻርልስ ኒር እ.ኤ.አ. በ1972 የትከሻ ሕመም ከአክሮሚዮን በታች ባለው አጥንት ፍትጊያ እንደሚመጣ ካስረዱ በኋላ ያንን አጥንት መፋቅ በዓለም ላይ ከተለመዱት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆነ። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ 313 ታማሚዎች በዕጣ ተመድበው አጥንቱ የተፋቀላቸው፣ በመሣሪያ ታይቶ ምንም ያልተፋቀላቸውና ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው ሲነጻጸሩ፣ በተፋቀላቸውና ባልተፋቀላቸው መካከል ልዩነት አልተገኘም። በጉልበትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሂውስተን በ180 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት የጉልበትን ውስጥ አጥቦና ፍቆ ማጽዳት ቆዳ ብቻ ከተቀደደበት የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና እንደማይበልጥ አሳይቷል።

ይህ ሲባል ቢላዋው የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። የአንገት ትርፍ አጥንት ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን፣ ታማሚው ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው፣ አረማመዱ ሲንገዳገድ፣ የእግሩ ሪፍሌክስ ሲበረታ፣ ጉዳዩ የቀዶ ሐኪም ነው፤ መዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል። የሽንትና የሰገራ መቆጣጠር ችግር፣ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም እየጨመረ የሚሄድ የእግር መዛል አስቸኳይ ናቸው። ፈጽሞ ያረጀ ጉልበት ወይም ዳሌ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካቱ ሕይወትን ይለውጣል። ልዩነቱ በእነዚህ ሁሉ የሚታከመው በነርቭ ወይም በመገጣጠሚያ ላይ የደረሰ በምርመራ የተረጋገጠ ጉዳት ነው፤ በራጅ የታየ ጫፍ አይደለም።

የትርፍ አጥንት ስያሜ ሌላ አደጋም አለው። በስድሳ ዓመት ሰው የወገብ ራጅ ላይ ኦስቲዮፋይት አለማግኘት ብርቅ ነው። ስለሆነም ስያሜው የማንኛውም የወገብ ሕመም መሸፈኛ ይሆናል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበትን ሰው «ትርፍ አጥንት ነው» ብለን በዳይክሎፌናክ ስንሸኘው፣ ከኋላው የአከርካሪ ነቀርሳ፣ ብሩሴሎሲስ ወይም የተሰራጨ ካንሰር ሊኖር ይችላል። ማስታገሻው ሕመሙን ሲቀንስለት እኛም እርሱም እንዘናጋለን፤ ወራት ያልፋሉ፤ አንድ ቀን እግሩ ሳይታዘዘው ተሸክመው ያመጡታል።

ያላዘዝነው ሕክምና

ማስረጃ ያለው ሕክምና ርካሽ ነው፤ ምናልባት የናቅነውም ስለዚሁ ይሆናል። ለተረከዝ ሕመም ታማሚው ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አድርጎ የእግሩን ጣቶች በእጁ ወደ ቅልጥሙ ይሳባል፤ እስከ 10 እየቆጠረ ይይዛል፤ ይህንንም 10 ጊዜ ይደግማል፤ በቀን ሦስት ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2003 በ101 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ አሠራር ከተለመደው የባት ጅማት መሳብ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ለስላሳ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ በባዶ እግር በሲሚንቶ ላይ አለመራመድና ትዕግሥት ይጨመሩበታል፤ አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል።

ለጉልበት የጭን ጡንቻን ማጠንከር ዋናው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ በየቀኑ በልክ መራመድ። ሲጀመር መጠነኛ ሕመም ቢኖር መገጣጠሚያው እየተበላ ነው ማለት እንዳልሆነ መነገር አለበት። ክብደት ለበዛበት ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣለታል፤ ለቀጭኗ የገጠር እናት ግን «ክብደት ይቀንሱ» ብሎ መጻፍ ታማሚውን አለማየት ነው። ለእርሷ የሚጠቅማት ከዝቅተኛው በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ጉልበትን አጥፎ ለረጅም ሰዓት መቀመጥን መቀነስና ከዘራን ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ መያዝ ነው። ይህን የመጨረሻውን ስንቶቻችን አሳይተናል?

ለሂሱ የሚሰጠው መልስ

ባልደረቦቼ የሚሉትን አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁና። ከክፍሉ ውጪ አርባ ሰው ተሰልፏል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። ታማሚው መርፌ ካልተወጋ አልታከምኩም ይላል። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ነገር ግን መርፌ የሚጠይቀውን ታማሚ በከፊል ያስለመድነው እኛው ነን። ከላይ የተዘረዘሩትን እንቅስቃሴዎች ለማሳየት የሚወስደው ጊዜ አራት ደቂቃ ነው፤ ነርሷም፣ ጤና መኮንኑም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሊያሳዩት ይችላሉ። የኩላሊት ውድቀት የደረሰበት ታማሚ ከሰልፉ ላይ የሚወስደው ጊዜ ከአራት ደቂቃ እጅግ ይበልጣል።

ለመጀመር ሦስት ነገሮችን እንለውጥ። ራጅ ከማዘዛችን በፊት ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጥ እንደሆነ እንጠይቅ። የፀረ-ብግነት ማስታገሻ ስንጽፍ የሚቆምበትን ቀን አብረን እንጻፍ፤ የግፊትና የኩላሊት ሁኔታንም አስቀድመን እንይ። «ትርፍ አጥንት በቅሎብዎታል» በማለት ፈንታ ምን እንደሚያማቸው በሚገባቸው ቃል እንንገራቸው።

የእናቲቱን ማስታገሻዎች በሙሉ አስቁሜ የሚቀባ መድኃኒት ሰጠኋቸው፤ ከወንበር መነሣቱንም አብረን ተለማመድን። ከሁለት ወር በኋላ ክሬአቲኒኑ ወርዶ ነበር፤ ይሁንና ወደ ቀድሞው ልክ አልተመለሰም። ጉልበታቸው አሁንም በዳገት ላይ ያማቸዋል፤ ገበያ ደርሰው ግን ይመለሳሉ። ስለ አጥንቱ ደግመው ሲጠይቁኝ በዚህ ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው። «እማማ፣ አጥንቱ እዚያው ይኖራል፤ የሚያሟሟው መድኃኒት የለም። ያን ጊዜ ስጽፍልዎት ይህን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።» ጥቂት ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «ታዲያ ይህን ለመናገር ዓመት ይፈጃል?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።